ሀያቱ ያጣጣለው ልጅ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ፣ ገዢ ዕቃ አንሥቶ፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «ይሄማ አልቆለታል» ካለ ሻጩ ዋጋ ይቀንሳል። ሀያቱ እንዲህ ካለ ግን ሻጩ ቀና ይልና ይጨምራል። ይህ በአንድ ቀን የመጣ ነገር አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል።

ሀያቱ ከስልጤ አገር በአሥራ አምስት ዓመቱ መጥቶ ሥራ የጀመረው በልዋጭነት ነው። የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ በጀርባው ተሸክሞ፣ «ልዋጭ! ልዋጭ አለ!» እያለ ከመሳለሚያ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያለውን ሰፈር በእግሩ ለካው። ሥራው እንዲህ ነው። አንዲት እመቤት ባሏ የተወውን ኮት ታወጣለች። ልዋጩ ኮቱን ሲያይ ልቡ በደስታ ይዘላል፤ ፊቱን ግን እሬት እንደቀመሰ ሰው ያኮሳትርና «እትዬ፣ ይሄን እኮ ብል ጨርሶታል፤ ለእርስዎ አዝኜ ነው እንጂ…» ይላል። ኮቱ በአንዲት ሳፋ ይሄዳል። ፊቱን ማኮሳተር ያቃተው ልዋጭ ሳፋውን ጨርሶ ባዶ እጁን አገሩ ይገባል። ሀያቱ አልገባም። እንዲያውም ማኮሳተሩን ከመልመዱ የተነሣ መፍታቱ ጠፋው።

በኋላ ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ሲያገኝ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ሙያ ተማረ። እየማለ ያመሰገነው ድስት ቂጡ ቀዳዳ ነው። «ይሄን ራዲዮ ለራሴ ነበር የያዝኩት» ካለ ራዲዮው ዜና ከሰማ ቆይቷል። ሰዉም ቀስ በቀስ ነቃበት። ሀያቱ ሲሰድብ ግዛ፣ ሲያመሰግን ሽሽ፣ ይባል ጀመር። እሱም ይህን ያውቃል። ግን ምን ያድርግ? ሌላ ቋንቋ አልተማረም።

ሚስቱን ሀፍሷን ሲያጭ እንኳ ይህ አመሉ አልተወውም። ሽማግሌ ላከ፤ መላኩ ሳያንስ ካልተከተልኩ ብሎ አብሮ ሄደ። የልጅቱ አባት ስለ ጥሎሽ ሲያነሡ አፉን መግታት አቃተውና ልጅቷ አጠር እንደምትል፣ እሱም ቢሆን ለቤተሰቡ አዝኖ እንደመጣ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የወጡት። በሁለተኛው ጊዜ ሲሄዱ ሀያቱን ቤት ቆልፈውበት ሄዱ ይባላል፤ ይሄኛው ሳይጨመርበት አይቀርም።

ሀፍሷ የመጀመሪያውን ዓመት በለቅሶ አሳለፈችው። ያቀረበችውን ሁሉ «ይሄ ደግሞ ወጥ ነው?» ይላታል። አማቷ ከገጠር መጡና አንድ ሳምንት ተቀምጠው ነገሩን አዩ፤ ከዚያም ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጓዳ ጠሯትና «ልጄ፣ አፉን አትስሚ፤ ሰሃኑን እይ» አሏት። አየች። ሰሃኑ ታጥቦ የተቀመጠ ይመስላል። ከዚያ በኋላ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አላለቀሰችም። በመካከሉ አንድ ቀን ብቻ «ወጡ ጥሩ ነው» ብሏት ደንግጣ ብትቀምሰው ጨው የሚባል አልነካውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የምናለሽ ተራ እግር ኳስ ቡድን መሪ የሆነው። ኳስ ስለሚያውቅ እንዳይመስላችሁ። ማልያ ስላመጣ ነው። ከየሰፈሩ በልዋጭ የሰበሰባቸውን ስድስት ዓይነት ማልያዎች በአንድ በርሜል ጥቁር ቀለም ነክሮ አንድ አደረጋቸው። በመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙ ወረደና ዳኛው ስድስት ቡድን ሜዳ ገባ ብሎ ጨዋታ አቆመ። ቢሆንም መሪነቱ ጸናለት፤ ከሱ በቀር ማልያ የሚያመጣ አልነበረም።

በየክረምቱ የመርካቶ ተራዎች የሚጋጠሙበት ዋንጫ አለ። ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተራ በዋናው መዝገብ አሥራ ስምንት ተጫዋች ያስመዘግባል፤ ከዚያ በታች ያሉት ልጆች ታዳጊ ቡድን ይባላሉ። በሁለቱ ዙሮች መካከል፣ እስከ ሐምሌ ሠላሳ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ፣ ተጫዋች መለዋወጥም ታዳጊ ማሳደግም ይቻላል። ሰዓቱ ካለፈ መዝገቡ ይዘጋል። ዋናው መዝገብ ላይ ያልገባ ታዳጊ ደግሞ የማንም አይደለም፤ የፈለገው ቡድን አስፈርሞ ሊወስደው ይችላል።

የዓለም ዋንጫው በኮሪያና በጃፓን የተደረገበት ክረምት ነበር። ምናለሽ ተራ በመጀመሪያው ዙር አራት ጊዜ ተጫውቶ ሦስቱን ተሸንፏል፤ አንዱን አቻ ወጥቷል፤ እሱንም ተጋጣሚው ዘግይቶ ስለመጣ ነው። መጨረሻ የወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት አይገባም። የቡድኑ ኮሚቴ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም በየቀኑ ሀያቱ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ እያሉ አንድ ነገር ብቻ ይሉታል፤ አጥቂ አምጣ።

ሀያቱ አጥቂ ነበረው። ለማንም አልተናገረም እንጂ ነበረው።

ሱቅ ቢኖረውም ልዋጩን ጨርሶ አልተወምና፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከመሳለሚያ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ሳፋውን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ አንድ ልጅ በካልሲ የተሠራች ኳስ በግራ እግሩ ግድግዳ ላይ እየመታ ሲቀበላት አየ። ኳሷ ጭቃ ጠጥታ ድንጋይ አክላለች፤ ልጁ ግን እንደ ላባ ያነሣታል። ሀያቱ «ልዋ…» ብሎ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ጥሪውን ሳይጨርስ ቆሞ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ ናሆም ይባላል። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱ ትምህርቱን እዚህ ይማር ብላ ከናዝሬት ወደ እህቷ ልካው በመጣ በሳምንቱ ነበር። አክስቱ እትዬ ሙሉመቤት ክርና አዝራር ይሸጣሉ፤ ኳስ የሚሉትን ነገር አይወዱም። ሀያቱ የልጁ እግር የተጣመመ መሆኑን፣ ምናልባት ሩጫ ቢያቃናው ብሎ ለጽድቅ ሊወስደው እንዳሰበ አስረዳቸውና በመጨረሻ ሁለት ሳፋና አንድ ጆግ ሰጥቶ ፈቃዳቸውን አገኘ። በሳፋ የተፈረመ ተጫዋች ከዚያ በፊት መኖሩን እንጃ።

ነጋዴ ደህናውን ዕቃ ደጅ አያሰጣም፤ ከመደርደሪያው ሥር ይሸጉጠዋል። ሀያቱም ናሆምን ሁለት ዓመት ታዳጊ ቡድን ውስጥ ሸሸገው። ሐሳቡ በዚህ ክረምት፣ በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ ማንም ሳይባንን ልጁን ዋናው መዝገብ ላይ አስፍሮ ሁለተኛውን ዙር በሱ መጀመር ነበር። ለዚህ ብሎ አሥራ ስምንተኛዋን ቦታ ባዶ ትቷታል። ኮሚቴው ለምን ባዶ እንደሆነች ሲጠይቀው ለበረከት ነው ይላል። ለናሆምም አልነገረውም። ልጁ በየልምምዱ ማብቂያ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ አንድ ቃል ፈልጎ ሀያቱን ቀና ብሎ ያየዋል። ሀያቱም አንድ ቃል አያሳጣውም፤ «ሂድ፣ ጫማህን አትጨርስ» ይለዋል። ሌሎቹ ልጆች ይስቃሉ፤ እነሱ መርካቶ ተወልደው ያደጉ ናቸውና ነገሩ ይገባቸዋል። ናሆም አይስቅም።

ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን የጎጃም በረንዳ ቡድን መሪ ውቤ ልምምድ ሊያይ መጣ። ውቤ የጤፍና የማር ጅምላ ነጋዴ ነው። ቀበቶው ላይ ሞባይል ሰክቶ ይሄዳል፤ ሲጮህ ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ግን በየአምስት ደቂቃው ያየዋል። አመጣጡ ለለውጥ ነበር። እኛ ዛኪርን እንስጣችሁ፣ እናንተ ያን ግራኝ ልጅ ስጡን፣ አለ። ኮሚቴው ተነሥቶ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ዛኪር ስም ያለው አጥቂ ነዋ! እውነት ነው፣ ላለፉት ሰባት ዓመታት ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው ሲል ኖሯል፤ ጉልበቱም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረዋል። በዚያ ክረምት ደግሞ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ግንባሩ ላይ ብቻ ቁራጭ አስቀርቶ ነበር፤ በዓለም ዋንጫው ያማረበትን ተጫዋች አይቶ ነው፤ በሱ ግን አላማረም። ቢሆንም ስሙ ስም ነው።

ሀያቱ ግን ነቃ። ልጁን አይተውበታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ያን ቀን ዝም ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ ባልኖረ። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት የሠራበትን አፉን ከፈተ።

«አቶ ውቤ፣ እኔ አላህን እፈራለሁ» አለ ሜዳው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ይሄን ልጅ ለሰው አልሰጥም፤ ነውር ነው። እግሩ ተጣሞ የተወለደ ነው። ሳንባ የለውም። ግብ አገባ ያሉህ ኳሷ መጥታ ገጭታው ነው። እኔ የያዝኩት ለአክስቱ አዝኜ ነው እንጂ፣ ዛሬ ልዋጭ ብዬ ብዞር በሳፋም የሚወስደው የለም።»

ውቤ ይህን ሲሰማ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ሞባይሉን አወጣና አየ። ሀያቱ አንድን ነገር እንዲህ ረዥም ጊዜ ሲሰድብ ሰምቶ አያውቅም። ከዚህ በፊት ለረዥም ጊዜ የሰደበው አንድ የብር ጎራዴ ነበር፤ ጎራዴው ያወጣውን ዋጋ ጎጃም በረንዳ እስከ ዛሬ ያወራል። ውቤ እዚያው ቆረጠ። ልጁን በለውጥ ካልሰጡት በደንቡ ይወስደዋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ነው ነገሩ፤ ባዶዋን ቦታ የተዋት ሀያቱ ራሱ ነው።

ሁሉም የገባው ይህ ንግግር ለአንድ ሰው ብቻ አልገባውም። ናሆም ከግንቡ ጀርባ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያስር ነበር። እግሩ ተጣሟል መባሉን ቻለው። ሳንባ የለውም መባሉንም ቻለው። ሳፋው ግን ገደለው፤ በሳፋ እንደመጣ ያውቃላ። ጫማውን ፈትቶ፣ በካልሲው፣ በዝናብ ወደ አክስቱ ቤት ሄደ።

በማግሥቱ ለልምምድ አልመጣም። ሐምሌ ሠላሳ ጠዋት ሀያቱ ልቡ አላስችል ብሎት እትዬ ሙሉመቤት ክር ወደሚሸጡበት ሄደ። እሳቸውም ናሆም ዛሬ በአሥር ሰዓት ተኩል ለጎጃም በረንዳ ሊፈርም መሆኑን፣ አቶ ውቤ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው በክብር እንዳነጋገሩት ነገሩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመደቡ ሥር ሁለት ሳፋና አንድ ጆግ አወጡና አስጨበጡት። አጥበዋቸዋል። ልጁ ነው መልሽላቸው ያለኝ፣ አሉ። ሀያቱ ሳፋዎቹን ታቅፎ ገበያው መካከል ቆመ። ዕድሜውን በሙሉ የለወጠው ነገር ተመልሶበት አያውቅም ነበር።

ምሳ ላይ ሀፍሷ ሰሃኑን ልታነሣ ስትመጣ ወጡ እንደቀረበ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰሃን ስታነብ የኖረች ሴት ናት፤ ቁጭ አለች። ሀያቱ ነገሩን አንድ በአንድ ነገራት። ሳፋዎቹ ጋ ሲደርስ ሰሃኑን ከፊቱ ገፋው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ልትለው አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«የኢክላስ አባት» አለችው በሴት ልጃቸው ስም ጠርታ፣ «ልጁ የመርካቶ ልጅ አይደለም። ለእኔ እንኳ እናትህ ነገሩኝ። ለሱ ማን ነገረው? ሄደህ በአፍህ ንገረው።»

«ምን ብዬ?»

«እንዳለ።»

እንዳለ መናገር! ሀያቱ ሲያቅማማ ቆይቶ በአሥር ሰዓት ኮፍያውን ደፍቶ ከቤት ሲወጣ ካፊያ ነበር፤ እሱ ግን ያላበው ከሌላ ነገር ነው። በመንገዱ ሁሉ ለመለማመድ ሞከረ። «ጥሩ» የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ትሰነቀራለች። በሰው ላይ ከመሞከሬ በፊት በዕቃ ልሞክር ብሎ አንድ የሚያውቀው ጃንጥላ ሻጭ ፊት ቆመና «ጃንጥላህ… ጥሩ ነው» አለው። ሻጩ ክው አለ። ጃንጥላውን ዘርግቶ ወደ ሰማይ አንጋጦ ቀዳዳውን መፈለግ ጀመረ። ምን አየህበት፣ እባክህ ንገረኝ፣ እያለ ሀያቱን ግማሽ መንገድ ተከተለው።

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። የዝውውር የመጨረሻ ቀን ማለት ራሱን የቻለ ገበያ ነው፤ ቡድን መሪዎቹ ጥግ ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ፤ በመካከላቸው ደላሎች ይሽከረከራሉ። መርካቶ ውስጥ ደላላ የሌለበት ነገር ቀብር ብቻ ነው፤ እሱንም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። ከፊት ጠረጴዛ ላይ የውድድሩ ጸሐፊ መምህር ሙሉብርሃን መዝገባቸውንና ማኅተማቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ካሉ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሀያቱ ሲገባ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። ናሆም ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል፤ ብዕሩ በእጁ ነው። ውቤ ከኋላው ቆሞ ትከሻውን ይዞታል።

ሀያቱ ሰዉን እየገፋ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ሰዉ ሁሉ የሚጠብቀው ስድብ ነበር።

«እግሩ…» አለ ሀያቱ። ዋጥ አደረገ። «እግሩ ደህና ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳል አለ። ናሆም ቀና አላለም። ብዕሩን ወደ መዝገቡ አወረደ። ይህን ሲያይ የሀያቱ ጉሮሮ ውስጥ የነበረው ነገር ወለቀ።

«ዋሽቼ ነው ልጄ» አለ። «ያን ቀን ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው። አንተን ያየሁ ዕለት ልዋጭ ማለት ረስቼ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ቀርቻለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በእጄ ብዙ ነገር አልፏል፤ እንዳንተ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ወንድ ልጅ የለኝም። ቢኖረኝ አንተን ይምሰልልኝ ብዬ ነበር አላህን የምለምነው። ጥሩ ነህ። በጣም ጥሩ ነህ። ለማንም አልሰጥህም።»

ይህን ብሎ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። መርካቶ ብዙ ጉድ አይቷል፤ ሀያቱ ሲያመሰግን ግን እንዲህ፣ በእንባ፣ አላየም።

በጣም የደነገጠው ውቤ ነው። እጁን ከናሆም ትከሻ ላይ፣ ትኩስ ብረት እንደነካ ሰው፣ አነሣ። አእምሮው በፍጥነት ሠራ። ሀያቱ ድስት ሲያመሰግን ቂጡ ቀዳዳ ነው። ራዲዮ ሲያመሰግን አይናገርም። እያለቀሰ ያመሰገነው ልጅ እንግዲህ ምን ቢኖርበት ነው? «እስቲ ልጄ፣ ወዲያ ወዲህ በል» አለው። ናሆም ግራ ገብቶት ወዲያ ወዲህ አለ። ውቤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቶቹን ዳሰሰ፤ ልብ ያምህ እንደሆነ፣ የሚጥልህም ነገር ካለ አትደብቀኝ ብሎ ጠየቀው። የለም አለ ልጁ። ይሄ መልስ ይባስ አስፈራው። ሞባይሉን አወጣ፣ አየ፣ መለሰ። በመጨረሻ ዛኪር ይበቃናል፣ ስም ያለው ሰው ነው፣ ብሎ ለመምህር ሙሉብርሃን እጅ ነሣና ወደ ግድግዳው ሸሸ።

ለአሥራ አንድ ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል። ናሆም ብዕሩን እንደያዘ ብቻውን ቀረ። የሰደበው ሰው አመሰገነው፤ ባመሰገነው ጊዜ ደግሞ የፈለገው ሰው ሸሸ። ይህን ማን ይፈታዋል?

«ጋሼ» አለው ሀያቱን፣ «ታዲያ የትኛው ነው ውሸቱ?»

ምን ብሎ ያሳምነው? እምላለሁ ቢል፣ ያን ሁሉ ቀዳዳ ድስት የሸጠው ምሎ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ያበላው አፉ ያን ዕለት አንዲት እውነት ሊያስጨብጥለት አልቻለም፤ ይህ ደግሞ የገባው እዚያ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ልጁ ፊት ቆሞ ነው።

በዚህ መካከል ሀፍሷ ገባች። ጃንጥላ ረስቶ ሄዷል ብላ ተከትላው መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በሰዉ መካከል አልፋ መጣችና የባሏን ኮፍያ ከራሱ ላይ አነሣችው። ሰዉ አጉረመረመ። ከኮፍያው ገበር ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት አወጣችና ለመምህር ሙሉብርሃን ሰጠቻቸው። ሀያቱ ወረቀቷን ሲያይ እንደተያዘ ሌባ አንገቱን ደፋ።

መምህር መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። የሁለተኛው ዙር ተጫዋቾች ዝርዝር ናት። ቀኗ ሰኔ አንድ ነው፤ ውቤ ልጁን ገና ሳያየው፣ የመጀመሪያው ዙር ሳይጀመር የተጻፈች። በሀያቱ የተንጋደደ ጽሕፈት አሥራ ስምንት ስሞች ተደርድረዋል። ከሁለተኛው እስከ መጨረሻው ያሉት ስሞች ሦስት አራት ጊዜ ተሰርዘው፣ ተደልዘው፣ ሌላ ተጽፎባቸዋል። የመጀመሪያው መስመር አንድም ጊዜ አልተነካም። ናሆም፣ ቁጥር አሥር፣ ይላል።

«ኮፍያውን የማጥበው እኔ ነኝ» አለችው ሀፍሷ ለልጁ። «ሳጥብ አውጥቼ፣ ስጨርስ መልሼ እከታታለሁ። እኔ ወጤን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰድብ የኖረ ሰው ሚስት ነኝ፤ ሰሃኑን ልሶ ነው የሚነሣው። አንተም አፉን ተወው ልጄ። እጁ የጻፈውን እይ።»

ናሆም ወረቀቷን ተቀበለ። ስሙን አየ። የሀያቱ ላብ ቀለሙን አደብዝዞታል፤ ግን ይነበባል። ወደ ጠረጴዛው ዞረና በምናለሽ ተራ ገጽ ላይ፣ በባዶዋ አሥራ ስምንተኛ ቦታ፣ ፈረመ። መምህር ሙሉብርሃን ማኅተሙ በቅዝቃዜው እንዳይደርቅ እፍ እፍ አሉበት። ይሄን ጊዜ ወረቀቷ በሰው እጅ ዞራ ውቤ ዘንድ ደርሳለች። ቀኑን አነበበ። መስመሩን አነበበ። «ቆይ! ቆይ መምህር!» ብሎ ሲሮጥ ማኅተሙ ወረደ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር፤ የወረደ ማኅተም ግን አይነሣም። ውቤ እስከ ዛሬ ድረስ ለሰማው ሁሉ አንድ ክስ ያሰማል፤ ሀያቱ ብዙ ሰው ዋሽቶ አታሏል፣ እኔን ግን እውነቱን ነግሮ አታለለኝ፣ ይላል።

ሁለተኛው ዙር ነሐሴ አምስት ጀመረ። እንደ ዕድል ሆኖ ምናለሽ ተራ የተጋጠመው ከጎጃም በረንዳ ጋር ነው። ጠዋት የዛኪር ጉልበት ዝናብ እንደሚመጣ ተናገረ፤ ዝናቡም መጣ። ናሆም ሁለት ግብ አገባ፤ ሁለቱንም በግራው። በስተመጨረሻ ዋንጫውን አልወሰዱም፤ አራተኛ ወጡ፤ ለምናለሽ ተራ ግን አራተኛ ማለት ሠርግ ነው። ይህ ሁሉ የመጣው በኋላ ነው። በዚያን ቀን ከጨዋታው በኋላ ሀያቱ ልጁን ቤቱ ወሰደው። ፍልሰታ ስለሆነና ናሆም ስለሚጾም ሀፍሷ ሽሮ ሠርታለች። ሦስቱ ከአንድ ሰሃን ለመብላት ቀረቡ።

ሀያቱ በአዳራሹ የሆነውን አልረሳም። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ልጅ እንደ ሰው አናግረዋለሁ ብሎ ወስኗል። ልጁ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሣ ጉሮሮውን ጠረገና «ዛሬ… ጥሩ ተጫወትክ» አለው።

የናሆም እጅ አየር ላይ ቀረ። አንድ ጊዜ ሀያቱን፣ አንድ ጊዜ ሀፍሷን አየ።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን አጠፋሁ? ሊለውጡኝ ነው?»

ሀፍሷ ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። ልጁን አታስደንግጠው፣ እንደ ወጉ ስደበው፣ አለችው። ሀያቱ ከተሸከመው ነገር ሁሉ የተገላገለ ያህል በረዥሙ ተነፈሰ።

«ሁለተኛው ደግሞ ግብ ነው?» አለ። «በረኛው ጭቃ አዳልጦት ነው እንጂ ያንተ እግር እንኳን ግብ በርም አያንኳኳም። መሮጥ አታውቅም። ማቀበል አታውቅም። እኔ እንጃ፣ ከነዚያ ሁለት ሳፋዎች አንዱን እንኳ ባሰልፍ ይሻለኝ ነበር።»

ናሆም እፎይ አለ። ጉርሻውን ጎረሰና አኘከ፤ ሌላ ጨመረ፤ የሰሃኑን ጠርዝ በእንጀራ ዙሪያውን ጠረገው። ከዚያ ቀና ብሎ ሀፍሷን አያትና፣ ፊቱን እንደምንም አኮሳትሮ፣ «እትዬ ሀፍሷ፣ ይሄ ደግሞ ሽሮ ነው?» አላት።

ሀፍሷ ተነሥታ ጨመረችለት።